ደንገሉን ያጠፋው ማጭዳችን አይደለም፦ ከጣና ዳርቻ ታንኳ ሠሪዎች፣ ሞሰብ ሰፊዎችና የብራና ሠዓሊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የጣና ሐይቅን ዳርቻ የመጠበቅ፣ የማልማትና የማስተዳደር ኃላፊነት ለተሰጣችሁ የሥራ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የደንገል አጨዳ ክልከላው እንዲሻሻልልን፣ የማድረቂያና የመሸጫ ቦታችን እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ አክብሮታዊ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በሐይቁ ዳርቻ ከሚበቅለው ደንገል (ፓፒረስ) ታንኳ የምንሠራ፣ ከደንገልና ከሣር ምንጣፍ፣ ሰፌድና ሞሰብ የምንሰፋ፣ በብራና ላይ የምንሥል፣ የሐይቁን ወፎችና ትንንሽ ታንኳዎችን የምንቀርጽ ባለሙያዎች ነን። ክረምቱ እንደወጣ በየቀበሌው የተለጠፈው ማስታወቂያ ከሐይቁ ዳርቻ ደንገል መቁረጥን ያለ ምንም ልዩነት ከልክሏል። በዚያው ሰሞን ደንገል የምናደርቅበት ሜዳ በቆርቆሮ ታጠረ። ከጀልባ ወደቡ አጠገብ የነበረው መሸጫችንም ተነሥቶ ከዋናው መንገድ ማዶ ወደሚገኙ የብረት ኮንቴይነሮች እንድንገባ ተደረገ። ሦስቱም እርምጃዎች የተወሰዱት ከመካከላችን አንድም ሰው ሳይጠየቅ ነው። በቃልም በማመልከቻም ያቀረብነው አቤቱታ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ከሚል መልስ ስላላለፈ፣ ነገሩን ለእናንተም ለሕዝቡም በግልጽ ለማቅረብ ተገደናል።

ሐይቁ ይጠበቅ በሚለው ላይ ከማንም ጋር ልዩነት የለንም። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም፤ ታንኳ ከሌለ ደግሞ የእኛ ሙያ የለም። የተቃወምነው ክልከላው ደንገሉን የሚያጠፉትን ሥራዎች ትቶ፣ ደንገሉ ቆሞ እንዲኖር የሚፈልጉትን ሰዎች መያዙን ነው።

ከዋናው ጉዳይ እንጀምር። ደንገል ከዘር ይልቅ ከሥሩ የሚራባ ተክል ነው። ጭቃው ውስጥ አግድም የሚሄደው ወፍራም ሥር እስካለ ድረስ ከላይ ያለው ዘንግ ቢታጨድ ከጎኑ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። እያንዳንዱ ዘንግ ዕድሜው አጭር ነው። ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ይረዝማል፣ አናቱ ላይ ያለው ጸጉር ይበተናል፣ ያብባል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ቡናማ እየሆነ ቆሞ ይደርቃል። ማንም ባይነካውም ወድቆ ውኃው ውስጥ ይበሰብሳል። ለታንኳ የሚመረጠው አናቱ ተበትኖ ቡናማ መሆን የጀመረው የበሰለ ዘንግ ነው። ለጋው አይሆንም፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ውስጡ ያለው ነጩ ለስላሳ ክፍል ተኮማትሮ አየር የሚይዝበት ቦታ ያጣል፣ የተሠራበት ታንኳም በጥቂት ቀናት ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ቀንበጡን የሚያልፈው ማስታወቂያ ፈርቶ አይደለም፤ ስለማይጠቅመው ነው።

አቆራረጡም ሥርዓት አለው። ማጭዱ የሚያርፈው ከውኃው ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። ከውኃ በታች የተቆረጠ ጉቶ ውስጡ ውኃ ይሞላል፤ ጭቃ ውስጥ ላለው ሥር አየር የሚያወርድለት ያ ጉቶ ስለሆነ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ከሐይቁ ጋር ፊት ለፊት ያለው የመጨረሻው ረድፍ አይነካም፤ ማዕበሉን የሚሰብረው እሱ ነው፣ እሱ ከሳሳ ከኋላው ያለው ደንገል እየተገነጠለ ይንሳፈፋል። አንድ ጊዜ የታጨደ ቦታም ዓመት ያህል ማረፍ አለበት። በሦስት በአራት ወሩ ከተመላለሱበት ሥሩ ያከማቸውን ምግብ ይጨርስና የሚያወጣው ዘንግ እየቀጠነ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ይህን ሳይጠብቅ የሚያጭድ ሰው መኖሩን አንክድም። ለማገዶና ለቤት ክዳን ያገኘውን ሁሉ ከሥር የሚጠርብ አለ። እሱን በደንብ መቅጣት ሲቻል ሁሉንም በአንድ ማስታወቂያ ማገድ አጥፊውን ከጠባቂው ጋር መደባለቅ ነው።

እውነተኛው ጥፋት የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግሥት ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ለመዝናኛ ግንባታ የተከለለ ቦታ ላይ የነበረው ደንገል በኤክስካቫተር ከነሥሩ እየተዛቀ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሄደ። በቦታው ድንጋይና ቀይ አፈር ተደፋ። እዚያ ቦታ ላይ ደንገል ከእንግዲህ አይበቅልም፤ የሚይዘው ጭቃም ሥርም የለውምና። በዚያው ሳምንት አንድ ሸክም የደረቀ ደንገል ይዞ የተገኘ ታንኳ ሠሪ ግን ሸክሙም ማጭዱም በደንብ አስከባሪዎች ተወርሶበታል። ሁለቱን ድርጊቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እንድትመዝኑ እንጠይቃለን።

ሌላው ባሕር ሸሽ እርሻ፣ ማለትም ውኃው በሸሸበት መሬት ላይ የሚካሄደው እርሻ ነው። የሐይቁ ከፍታ በሐይቁ መውጫ ላይ ባሉት የጫራ ጫራ የውኃ መቆጣጠሪያ በሮች መመራት ከጀመረበት ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ፣ በተለይም የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ውኃው ወጣ ገባ የሚልበት ጊዜና መጠን የቀድሞው አይደለም። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ በጎደለ ጊዜ ምን እንደሆነ የዳርቻው ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ጀልባዎች ቆሙ፤ ውኃው በሸሸበት መሬት ላይም እርሻ ተከትሎ ገባ። ደንገሉ በደረቅ መሬት ላይ ሲቀር መጀመሪያ ከብት ቀንበጡን ይግጠዋል፣ ቀጥሎ እሳት ይለቀቅበታል፣ በመጨረሻ ይታረሳል። ውኃ ውስጥ ያለ ደንገል ቢቃጠል ከላይ ያለው ብቻ ነዶ ሥሩ ይተርፋል። ጭቃው በደረቀበት ጊዜ ከተቃጠለ ግን እሳቱ ወደ ታች ወርዶ ሥሩን ራሱን ይጨርሰዋል። ማረሻው የሚያገላብጠው ያንን የተቃጠለ ሥር ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ማስታወቂያው ስለ ሥር መንቀል፣ ስለ ማቃጠል፣ ስለ መድፈን አንድም ቃል አይልም።

ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የባዮስፌር አደረጃጀት ጥብቅ ጥበቃ የሚደረግለት ዋና ክልል፣ በዙሪያው መከለያ ክልል፣ ከዚያ ውጭ የሽግግር ክልል እንዳለው የምታውቁት ነው። ነዋሪው ተፈጥሮን ሳያጠፋ የሚጠቀምበትን አኗኗር ማስቀጠል የዚህ አደረጃጀት አንዱ ዓላማ ነው። ሁሉንም ዳርቻ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ከዚህ ዓላማ ጋር አይገናኝም። በመጠን የሚታጨድ ደንገል ለሐይቁ የሚሰጠው ጥቅምም አለ። ከእርሻና ከከተማው ታጥቦ የሚገባውን ማዳበሪያና ቆሻሻ ደንገሉ በሥሩ ስቦ ዘንጉ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ዘንጉ ታጭዶ ሲወጣ ያ ንጥረ ነገር አብሮት ከሐይቁ ይወጣል፤ ቆሞ ሲበሰብስ ግን ተመልሶ ውኃው ውስጥ ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም የሚመገበውም ይህንኑ ንጥረ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉዳያችን የማድረቂያው ሜዳ ነው። ይህ ከውጭ ለሚያይ ሰው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ በሥራችን ግን ከአጨዳው ያልተናነሰ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። አዲስ የታጨደ ደንገል በውኃ የተሞላ ነው። እንዳለ ቢታሰር ከውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ በሳምንት ውስጥ ጥቋቁር ነጥቦች ያወጣል። በእነዚያ ነጥቦች ላይ ዘንጉ ሲታጠፍ ይሰበራል። ስለዚህ አናቱ ተቆርጦ፣ በስሱ ተዘርግቶ፣ በየቀኑ እየተገላበጠ እንደ ፀሐዩ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይደርቃል። ሜዳው ሣር ያለው፣ ነፋስ የሚያገኘው፣ ውኃ የማይቋጥርና ወደ ሐይቁ የቀረበ መሆን አለበት። ቀረብ ማለቱ ለምቾት አይደለም። እርጥብ ደንገል ከባድ ነው፤ ሩቅ ከተጎተተ ደግሞ ቅርፊቱ ይላጣል። ቅርፊቱ የተላጠ ዘንግ ውኃ ላይ ብዙ አይቆይም።

ሜዳው ከታጠረ ወዲህ ደንገል የሚደርቀው በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው። ውጤቱን በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ባጃጅና መኪና የረገጠው ዘንግ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ በጣት ሲጫኑት ግን ይሰረጉዳል። ታንኳውን የሚያንሳፍፈው በዘንጉ ውስጥ የታመቀው አየር ስለሆነ የተጨፈለቀ ዘንግ ያለበት ታንኳ በዚያ ጎኑ ያዘነብላል። ሰው አሳፍሮ ለሚሄድ ዕቃ ይህ የጥራት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሕይወት አደጋ ነው። አስፋልቱ ከሥር ስለሚያቃጥለውም ዘንጉ ከመጠን በላይ ይደርቅና የታንኳው አፍንጫ ወደ ላይ በሚቀለበስበት ጊዜ ይሰነጠቃል።

ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ በዚህ አጋጣሚ በአጭሩ እንግለጽ፤ የሚወሰንብን ውሳኔ በዚህ ሥራ ላይ ነውና። የደረቀው ደንገል ከመታሰሩ በፊት እንዲለዝብ ውኃ ይርከፈከፍበታል። መጀመሪያ መሐለኛው እስር ይታሰራል፤ ወፍራሙ የዘንጉ ጫፍና ቀጭኑ ጫፍ እየተፈራረቁ ካልተደረደሩ እስሩ በአንድ ወገን ይወፍራል፣ ታንኳውም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከዚያ የጎን እስሮች እየተጨመሩ በልጥ ይጠፈራሉ። ልጥ ውኃ ሲነካው አብጦ ይጠብቃል። በገበያ የሚገኘው ናይለን ገመድ ግን ይንሸራተታል፣ ሲከርሩትም ዘንጉን ይቆርጠዋል። ልጥ የሚላጥባቸው ዛፎች ከዳርቻው እየጠፉ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሳንወድ ወደ ናይለኑ ዞረናል። አፍንጫው ወደ ላይ ተቀልብሶ በገመድ ተወጥሮ ቅርጹን እስኪይዝ ይቆያል። ከውስጥ ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረግበታል፤ ተቀማጩንና ጭነቱን ከውኃ የሚያርቀው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ታንኳው ከውኃ ወጥቶ ዘንበል ተደርጎ ይደርቃል። እንዲህ የተያዘ ታንኳ ወራት ያገለግላል፤ ውኃ ውስጥ ታስሮ ያደረ በሳምንታት ያልቃል። ለዚህም ነው የማድረቂያ ቦታ ለሠሪው ብቻ ሳይሆን ከዘጌ እንጨት ለሚያመጣውም፣ መረብ ለሚጥለውም የሚያስፈልገው።

ይህ ሙያ በዋናነት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ከአባት ወደ ልጅ ያቆዩት ነው። የዳርቻው መሬት ለሆቴልና ለመዝናኛ በተሰጠ ቁጥር ከውኃው የሚርቁት እነሱ ናቸው። ከውኃው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ታንኳ መሥራት አይቻልም። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል «ራ» የተባለችውን የደንገል መርከብ ሲያሠራ ደንገሉ ታጭዶ ወደ ግብፅ የተጫነው ከጣና ነበር። በቀጣዩ ዓመት የተሠራችው «ራ 2» አትላንቲክን በ57 ቀናት አቋርጣ ባርቤዶስ ደርሳለች። ሠሪዎቹ ከቻድና ከቦሊቪያ የመጡ ነበሩ፤ ደንገሉ ግን የዚህ ዳርቻ ነው። ይህን ታሪክ ለጎብኚ የሚተርክ ከተማ ደንገሉንና ታንኳ ሠሪውን ከዳርቻው ማራቁ አይገባንም።

ሦስተኛው የመሸጫ ቦታው ነገር ነው። ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራንና ወደ ሌሎቹ ገዳማት የሚሄዱ ጀልባዎች በአብዛኛው ጠዋት ወጥተው ከቀትር በኋላ ይመለሳሉ። ጎብኚው ከጀልባ ወርዶ ወደ መኪናው እስኪደርስ ያለው ጥቂት ደቂቃ ለእኛ ዋናው ገበያ ነበር። አሁን ያለንበት ቦታ ከዚያ መንገድ ውጭ ነው፤ አስጎብኚ ካላመጣ ማንም አይመጣም፣ አስጎብኚ ሲያመጣ ደግሞ ከሽያጩ ድርሻ ይጠይቃል። ገበያው መቀነሱ አንድ ነገር ሆኖ ኮንቴይነሩ ራሱ ዕቃችንን እያበላሸ ነው። ቀን ብረቱ ይግላል፣ ሌሊት ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። ብራና ደግሞ ይህን መፈራረቅ አይችልም። የፍየሉ ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ስቡና ጸጉሩ ተፍቆ፣ በሸካራ ድንጋይ ታሽቶ ብራና ቢሆንም ቆዳነቱ አይቀርም፤ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲሞቅ ይሰበሰባል። ከላዩ ያለው ቀለም አብሮት ስለማይሰበሰብ መጀመሪያ በሥዕሉ ፊት ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይረግፋል። ዓይን የተሣለበት ቦታ ላይ ወፍራም ቀለም ስለሚያርፍ ቶሎ የሚለቀው እሱ ነው። ዓይኑ የረገፈ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የሚገዛ የለም፤ መጠገኑም አዲስ ከመሣል ይከብዳል።

ሞሰብና ሙዳዩም ከዚህ አላመለጠም። ስንደዶውና አክርማው እርጥበት ሲጠጣ ይሻግታል። አለላው ፀሐይ በሚመታው በር ላይ ሲሰቀል በወር ውስጥ ቀይና ሐምራዊው ይነጣል። በጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ የሚቀመጥ ሞሰብ ግን ለዓመታት ቀለሙን ይይዛል። የቀድሞው መሸጫችን የሣር ክዳን ያለው፣ በሁለት ወገን ክፍት የሆነ ዳስ ነበር። አላማረም ተብሎ ፈረሰ። ለዕቃው የሚስማማው ግን ያ ነበር።

አራተኛ፣ ከክልከላው ጋር አብሮ የቀረበልን አማራጭ «በደንገል ፋንታ በእምቦጭ ሥሩ» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና ነው። በእምቦጭ መሥራት ይቻላል። በኬንያ ኪሱሙ አካባቢ ከደረቀ እምቦጭ ቅርጫትና የቤት ዕቃ ይሠራሉ፤ ከመካከላችንም ለቅርጫትና ለምንጣፍ ሊሞክሩት የሚፈልጉ አሉ። ነገር ግን ሥልጠናው ሦስት ነገሮችን ዘልሏል። የእምቦጭ ዘንግ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ታንኳ አይወጣውም። ከክብደቱ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውኃ ስለሆነ አንድ ኩንታል እርጥብ እምቦጭ ሲደርቅ የሚተርፈው ከ10 ኪሎ አይበልጥም። ያንን ሁሉ የምናደርቅበት ሜዳ ደግሞ በእናንተ ቆርቆሮ ታጥሯል። ከሁሉም የሚያሳስበን ሦስተኛው ነው። አበባውና ሥሩ ሳይወገድ እርጥቡን እምቦጭ ከቦታ ወደ ቦታ ማጓጓዝ አረሙን ማዛመት ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ከተቆረሰ ግንዱም አዲስ ይበቅላል። ወደ ሠልጣኞቹ የመጣው እምቦጭ ከነአበባው በክፍት መኪና ተጭኖ ነው። የተረፈውም በውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ተጥሏል። በእምቦጭ ይሠራ ከተባለ ተነቅሎ በወጣበት ዳርቻ ላይ ሥሩና አበባው ተቆርጦ፣ እዚያው ደርቆ ነው ወደ ሠሪ መምጣት ያለበት።

የብራና ሠዓሊዎች ሌላም ችግር አለባቸው። ጎብኚ የገዛው አዲስ ሥዕል በአውሮፕላን ማረፊያ «ቅርስ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ይያዛል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መደንገጉ ትክክል ነው፤ የጣና ገዳማት መጻሕፍትና ሥዕሎች መሰረቅም የሁላችንም ሕመም ነው። ሆኖም ባለፈው ወር የተሣለን ሥዕል ከጥንታዊው የሚለይ ማረጋገጫ በአካባቢው የሚሰጥ አካል ስለሌለ ወሬው በአስጎብኚዎች ዘንድ ተሰራጭቶ «ብራና አትግዙ» እየተባለ ነው። በማተሚያ ማሽን በሸራ ላይ የታተመ ሥዕል በእጅ የተሣለ ተብሎ በእኛው ዋጋ ሲሸጥ ግን የሚጠይቅ የለም።

እነዚህን ሁሉ መሠረት አድርገን የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ማስታወቂያው ተነሥቶ በአጨዳ ደንብ ይተካ። ደንቡን ለማርቀቅ የሚከብድ ነገር የለውም። እያንዳንዱ የደንገል ቦታ ለሦስት ተከፍሎ በዓመት አንዱ ብቻ ይታጨድ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጨዳ ይቁም፤ ያኔ ዝናቡ ማድረቅ አያስችልም፣ ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦችም በደንገሉ ሥር የሚራቡበት ወቅት ነው። ከውኃ በታች መቁረጥ፣ ለጋውን ማጨድና ከሐይቁ ፊት ያለውን ረድፍ መንካት ይከልከል። ለሚያጭዱ ባለሙያዎች መታወቂያ ይሰጥ፤ ድንበሩን ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ሆነን በራሳችን ጉልበት እንቸክላለን፣ የሚተላለፍ ካለም ከእኛ ወገን ቢሆን አጋልጠን እንሰጣለን።

ከዚያ ጋር ሥር መንቀል፣ ማቃጠል፣ ማረስና አፈር መድፋት በግልጽ ተጽፈው ይከልከሉ፤ ክልከላውም የግንባታ ፈቃድ ያለውን አልሚ ጭምር ይመልከት። አሁን እየተዛቀ ያለው ቦታ ሥራው ይቁምና ሥሩ ገና ያልተነካበት ክፍል ይትረፍ። ከነሥሩ የሚነሣ ደንገል ካለ ደግሞ ወደ መጣያ ከሚሄድ ለእኛ ይሰጠን፤ ሥሩን በየክንድ ርቀት ጭቃው ውስጥ ቀብረን የሳሳውን ዳርቻ መልሰን መትከል እንችላለን። ይህን ከክረምቱ መግቢያ በፊት ካደረግነው ውኃው ሲሞላ ሥሩ ይይዛል።

የማድረቂያው ሜዳ አጥር ይነሣልን። ሙሉው የማይቻል ከሆነ 50 ሜትር በ30 ሜትር የሚሆን፣ ወደ ውኃው የሚያስገባ መንገድ ያለው ክፍል ይበቃናል። ግንባታ አንጠይቅም፤ ሲሚንቶም እንዳይፈስበት እንለምናለን።

መሸጫው ከወደቡ መውጫ ላይ፣ የሣር ክዳን ባለው፣ ነፋስ በሚያስገባ ዳስ ይመለስ። የዳሱ መልክ ከአካባቢው ልማት ጋር እንዲስማማ የምታወጡትን ንድፍ እንቀበላለን፤ ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ግን ዕቃው ምን እንደሚፈልግ ሠሪው ይጠየቅ።

ለአዲስ የብራና ሥራዎች የተሣለበትን ዓመተ ምሕረትና የሠዓሊውን ስም የያዘ፣ በጀርባው ላይ የሚታተም ማኅተምና አብሮት የሚሰጥ ወረቀት ከሚመለከተው የቅርስ አካል ጋር ተነጋግራችሁ በዚሁ ከተማ አስጀምሩልን። ታትሞ የሚሸጥ ሥዕልም «የታተመ» የሚል ጽሑፍ ይኑረው።

የተወረሱት የደንገል ሸክሞችና ማጭዶች ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። ደንገሉ በመጋዘን ውስጥ ሻግቶ ከሆነ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብና ባለቤቱ የሚካስበት መንገድ ይፈለግ።

ወደፊትም ስለ ዳርቻው በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ከታንኳ ሠሪዎች፣ ከስፌት ባለሙያዎችና ከሠዓሊዎች አንድ አንድ ተወካይ ይቀመጥ። ተወካዮቻችንን መርጠናል፤ ስማቸውን በተጠየቅን ቀን እናስገባለን።

የአጨዳው ወቅት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፤ ከዚያ ዝናቡ ይገባል። በዚህ ወቅት ያልታጨደና ያልደረቀ ደንገል ለሚቀጥለው ክረምት ታንኳ አይሆንም። ስለዚህ በ30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንድትሰጡን፣ ከዚያም በፊት ከመካከላችሁ የሚወከል ሰው ልካችሁ የተዛቀውን ዳርቻ፣ በአስፋልቱ ላይ የተሰጣውን ደንገልና በኮንቴይነሩ ውስጥ ቀለማቸው የረገፈውን ሥዕሎች በአካል እንድታዩ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በጣና ዳርቻ የሚሠሩ
የታንኳ ሠሪዎች ተወካዮች
የሞሰብና የምንጣፍ ሰፊዎች ተወካዮች
የብራና ሠዓሊዎችና የእንጨት ቀራጮች ተወካዮች

ግልባጭ፦
ለዓሣ አስጋሪዎችና ለጀልባ ባለንብረቶች ማኅበራት
ለአስጎብኚዎች
ለመገናኛ ብዙኃን